ማንም በማያየው ተራራ ላይ

ሰሞኑን አንድ ነገር ሲያብከነክነኝ ከረመ። ህዳር ላይ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ኤልክ አደን ወጥቼ ነበር። እሱ አዳኝ፣ እኔ ተሸካሚ። ኤልክ እዚህ ኮሎራዶ ተራራ ላይ የሚኖር ትልቅ አጋዘን ነው። ወንዱ 300 ኪሎ ይደርሳል።

የሄድነው ሳን ህዋን ተራሮች ውስጥ ዌሚኑች የሚባል ጥብቅ ዱር ነው። መኪና አይገባም። ሞተር ያለው ነገር ሁሉ በሕግ ክልክል ነው፣ ብስክሌት እንኳን አይፈቀድም። ወይ በእግር ወይ በፈረስ። የኮሎራዶ የኤልክ አደን በጠመንጃ አራት ዙር አለው፣ ይሄ የመጨረሻው ነው። በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ሴቶቹ በመንጋ ሆነው ወደ ቆላው ወርደዋል፤ ትልልቆቹ ወንዶች ግን ከድሪያው ወቅት ድካም ገና አላገገሙም፣ ሰው በማይደርስበት ገደልና ጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ ለብቻቸው ተደብቀው ይከርማሉ። እነሱን ፍለጋ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ስቃይ።

አንድ ቀን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንድ ወንድ ከጫካው ወጣ። ሕጉ ፀሐይ ከገባች ግማሽ ሰዓት ድረስ መተኮስ ይፈቅዳል፣ እኛ ደግሞ ገና ጥቂት ደቂቃ ነበረን። ባልደረባዬ በጠመንጃው መነጽር አየው። ቆየ። ቆየና ጠመንጃውን አወረደ። እንስሳው ቀስ ብሎ አልፎ ሄደ።

«ምነው?» አልኩት።

«አራተኛውን ቅርንጫፍ አላየሁትም» አለኝ። በብዙ የኮሎራዶ አካባቢዎች አንድ ወንድ ኤልክ እንዲገደል ቢያንስ በአንዱ ቀንዱ ላይ አራት ቅርንጫፍ፣ ካልሆነም ከቀንዱ ግርጌ የሚወጣ ቢያንስ 5 ኢንች (13 ሳንቲ ሜትር ገደማ) የሚረዝም ቅርንጫፍ ሊኖረው ይገባል። ልጅ እግሮቹ እንዲያድጉ ነው። ሦስቱን ቆጥሯል፣ አራተኛው በዛፍ ተሸፍኖበታል፣ በቃ። በዙሪያችን ሰው የለም። ጥበቃ የለም። ስልክ አይሠራም። ቢተኩስ ማን ያውቃል?

እኔን የነካኝ ይሄ ነው። እስካሁንም አለቀቀኝም።

በኋላ ሌላ አገኘ፣ ሕጋዊውን። ያኔ የእኔ ሥራ ተጀመረ። እዚህ ሥጋ ጥሎ መሄድ ወንጀል ነው። ሁለቱ ወርች፣ ሁለቱ ታፋ፣ ሽንጡና ጭቅናው የግድ መውጣት አለባቸው። ቀንዱን ይዞ ሥጋውን ለጅብ መተው የለም። ፈረስ ስላልነበረን በጀርባችን ተመላለስን፣ በጨለማ፣ በበረዶ፣ አንዱን ታፋ ተሸክሜ ቁልቁለቱን ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ግን አንዲት ቁራጭ እንኳን እንድትቀር አልፈለገም። የኛ አገር የአደን ታሪክ ግዳይና ፉከራ መሆኑን እናውቃለን። ጀግናው ገድሎ ይመለሳል፣ ይዘፈንለታል፣ ሥጋው የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም።

እነዚህም ሰዎች ግን ከጥንቱ እንዲህ አልነበሩም። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ኤልክን ከኮሎራዶ ሊያጠፉት ትንሽ ነበር የቀራቸው። እ.ኤ.አ. በ1913 እና በ1914 ከየሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ አስመጥተው ነው ኤስቴስ ፓርክ በምትባል የኮሎራዶ ከተማ አካባቢ እንደገና የለቀቁት። ዛሬ ኮሎራዶ ውስጥ ከ250 ሺህ በላይ ኤልክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ ረጅም ጠመንጃና ጥይት በተሸጠ ቁጥር 11 በመቶ ቀረጥ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። የአደን ፈቃዱ ክፍያም እንደዚያው። ባልደረባዬ ያንን ኤልክ ያሳለፈው የራሱ ስለሆነ ነው። ከፍሎበታል። ልጁም ነገ ያድነዋል።

አሁን ወደ ባሌ ልውሰዳችሁ። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። አስር ሳንቲም ላይ ያለው እሱ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የባሌ ተራሮች ፓርክ ጠባቂዎች ተበተኑ፣ ኬላዎቹ ወደሙ፣ ደጋ አጋዘኑም በገፍ ተገደለ። የሚያየው ሲጠፋ ማለት ነው። ገበሬውን ልወቅስ አልችልም። ግጦሹን ከለከሉት፣ እንጨቱን ከለከሉት፣ ከእንስሳው ግን አንድ ነገር አላገኘም። ለሱ አጋዘኑ የመንግሥት ነው፣ መንግሥት ደግሞ ሄዷል።

ዛሬም ቢሆን አርሲና ባሌ ውስጥ በተከለሉት የአደን ቀበሌዎች ደጋ አጋዘን የሚያድነው በዶላር የሚከፍል የውጭ ሰው ነው። ዶላሩ ይምጣ፣ አልጠላሁም። ግን እኔ ያደግኩት አሰላ ነው፣ የጭላሎ ተራራ ከፊት ለፊቴ ቆሞ፣ እና ደጋ አጋዘንን ያየሁት በሳንቲም ላይ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ወስዶ ያሳየን የለም። የገብሱ እርሻ በየዓመቱ ተራራውን ወደ ላይ ይወጣል፣ እኛም ዝም ብለን እናያለን። ከቴክሳስ መጥቶ ያደነው ሰውዬ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል! ይሄ ያናድደኛል፣ በጣም ያናድደኛል።

የደረሰኝን ሥጋ ይዤ ወደምኖርባት የኮሎራዶ ከተማ አውሮራ ስመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፣ ቶሎ እንብላው ብዬ ጓደኞቼን ጠራሁ። ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ግን በጥይት የሞተ እንጂ በስመ ሥላሴ የታረደ አይደለም። ግማሾቹ አልነኩትም። እምነታቸው ነው፣ አከብራለሁ። የቀሩት ጠብሰን በላነው፣ ጮማ የለውም፣ ግን ይጣፍጣል።

እስኪ አሰላ፣ በቆጂ፣ ዲንሾ፣ ጎባ ያላችሁ ንገሩኝ። ጭላሎና ጋላማ ላይ አሁንም ደጋ አጋዘን ይታያል? ልጆቻችሁን ወስዳችሁ ያሳያችሁ አላችሁ? በየት በኩል ነው የሚወጣው? የሚቀጥለው ጊዜ አገር ስገባ ልጄን ይዤ እወጣለሁ፣ የአካባቢው ሰው እንዲመራን እፈልጋለሁ፣ እከፍላለሁም።