ፍየሏን ይዩ፣ ቤቱም ይደርሳል

ትንንሽ ልጆችን ወደ አሮጌ ቤቶች መንደር መውሰድ ገንዘብ ማባከን ነው የሚሉ ወላጆች አሉ። እዚህ ስቶክሆልም ስለ ስካንሰን ባወራን ቁጥር ይህ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። «የአራት ዓመት ልጅ ስለ ቤት አሠራር ምን ያውቃል? ፍየል አይቶ፣ አይስክሬም በልቶ ነው የሚመለሰው» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ፍየሉንም ያያሉ፣ አይስክሬሙንም ይበላሉ። እኔ የማልስማማው «ሲያድጉ ይወሰዳሉ» በሚለው ነው። ሲያድጉማ ማን እሺ ይላል? የድሮ ገበሬ ጓዳ ለማየት ቅዳሜውን የሚሰጥ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ካለ ያሳዩኝ።

ስካንሰንን ላላየ ሰው፦ ዩርጎርደን በምትባለው ደሴት ላይ ያለ ኮረብታ ነው። ስፋቱ 30 ሄክታር ገደማ ይሆናል። እላዩ ላይ ከመላው ስዊድን የመጡ 150 ያህል ቤቶችና ሕንፃዎች ቆመዋል። የገበሬ ግቢ አለ፣ ጎተራ አለ፣ ወፍጮ አለ፣ የከተማ ዳቦ ቤትና የእጅ ባለሙያ ሱቅ አለ። አብዛኞቹ ለማሳያ ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ ሰው ተወልዶ የሞተባቸው ቤቶች ናቸው። የግንድ ቤት ስለሆኑ እያንዳንዱ ግንድ ቁጥር ይሰጠውና ይፈታል፤ ተጭኖ ይመጣል፤ በቁጥሩ መሠረት መልሶ ይገጠማል። ሴግሎራ የምትባለው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1730 አካባቢ ምዕራብ ስዊድን ውስጥ ተሠርታ በ1916 ነው ወደዚህ የመጣችው። ዛሬም ሙሽሮች ይጋቡባታል።

ቦታውን በ1891 ያቋቋመው አርቱር ሃሴሊየስ ነው። ዘመኑ ፋብሪካና ባቡር ገጠሩን የሚለውጡበት፣ ስዊድናዊው ከነቤተሰቡ ወደ አሜሪካ የሚሰደድበት ነበር። ሰውየው በ1872 ዳላርና የሚባለውን አውራጃ ሲጎበኝ ልብሱም ዕቃውም ወጉም እየጠፋ መሆኑን አየ። መሰብሰብ ጀመረ፤ መጀመሪያ ዕቃውን፣ ኋላ ቤቱን ራሱን። ስካንሰንን ቤቶች ሜዳ ላይ ከሚታዩባቸው ሙዚየሞች የዓለም የመጀመሪያው ይሉታል። ኖርዌይ ውስጥ ያለው የንጉሥ ኦስካር የአሮጌ ቤቶች ስብስብ ግን በአሥር ዓመት ይቀድመዋል። ክርክሩን ለሁለቱ ጎረቤታሞች እንተወው።

ሃሴሊየስ አንድ ነገር በደንብ ገብቶታል። ባዶ ቤት ሰው አያቆምም። ስለዚህ ከመነሻው እንስሳትን አስገባ። ድቡ፣ ተኩላውና ኤልግ የሚሉት ግዙፉ የሰሜን አጋዘን በአንድ በኩል ናቸው። የቤት እንስሳቱ ደግሞ በየገበሬው ግቢ ውስጥና ዙሪያ ነው ያሉት። እነሱም ዘመናዊው እርባታ ወደ ጎን የገፋቸው የድሮ ዝርያዎች ናቸው።

እና ልጅ ፍየሏን ተከትሎ ጋጡ ጋ ይደርሳል። ጋጡ ያለው ከቤቱ አጠገብ ነው። «ፍየሏ የት ነው የምታድረው?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ስለ ግቢ አሠራር ጠየቀ ማለት ነው። «ለምን ከሰዎቹ አጠገብ?» ካለ ደግሞ ስለ ብርዱ፣ ስለ ተኩላው፣ ስለ ረጅሙ ሌሊት ማውራት ይቻላል። ትንሽ ወጣ ብሎ ሴቶችና ልጃገረዶች በበጋ ከብትና ፍየል ይዘው ጫካ ወጥተው የሚከርሙበት ጎጆ አለ። ወተቱን እዚያው አይብና ቅቤ ያደርጉት ነበር። ይህን ሁሉ ያመጣችው ያቺ የተናቀች ፍየል ናት።

ሌላው ነገር የቤቱ መጠን ነው። የድሮ የግንድ ቤት ደፉ ከፍ፣ ጉበኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ሙቀት እንዳይወጣ። ትልቅ ሰው አጎንብሶ፣ እግሩን አንስቶ ይገባል። ታናሽቱ ልጄ ግን ደፉን በሁለት እጇ ይዛ ተንጠላጥላ ከተሻገረች በኋላ ቀጥ ብላ ነው የገባችው። ከዚያ በኋላ በየበሩ መለካካት ሆነ። ማን ያጎነብሳል? ማን አያጎነብስም? አንዳንዱ ቤት ጣሪያው ላይ ሣር በቅሏል። ከሥሩ ውኃ እንዳያስገባ የበርች ዛፍ ልጥ ተነጥፏል፣ በላዩ አፈር ከነሣሩ። «ጣሪያውን ማን ያጭደዋል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከሁሉም የማይረሳኝ ከሰሜን በመጣ አንድ ግቢ ውስጥ ያየነው ነው። የጥንት ቀሚስ የለበሰች ሴትዮ ቀጭን ዳቦ ትጋግራለች። ሊጡን በሸካራ መዳመጫ ታሳሳዋለች፣ በረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ታነሳዋለች፣ እሳት ወደሚነድበት ምድጃ ትከተዋለች። ልጄ ትንሽ ቆም ብላ አየችና «ማሚ፣ ሰፌድ የላትም እኮ!» አለች። በአማርኛ። ለሴትዮዋ ተረጎምኩላት። እንጨቱን አንስታ «የኔ ይኼ ነው» ብላ አሳየቻት። ድሮ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ጋግረው፣ አድርቀው ለወራት እንደሚያቆዩት ነገረችን። «አይሻግትም?» የቀጣዩ ጥያቄ ነበር። ቅቤ የተቀባ ቁራጭ ተሰጣትና ዝም አለች።

ቀጥሎ ያለው ቤት ተቆልፎ ነበር። በመስኮት አጮለቅን፣ ሄድን። ቤቱ ከፊተኛው አያንስም። እሳትና ሰው ግን የለውም። ልጅ ጽሑፍ አያነብም፤ ሲሠራ የሚያየውን ሰው ነው የሚያነበው። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው ነኝ።

ስለ ጉዞው ብዙ አልልም። ኮረብታ ነው፤ ጋሪ መግፋት ያደክማል፤ ጠጠርና ኮብልስቶን አለው። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት እንዲሉ፣ ሁሉንም ላሳያቸው ያለ ወላጅ ተጣልቶ ነው የሚወጣው። ሁለት ግቢ፣ መስታወት የሚነፉት ሰዎች፣ ዳቦ ቤቱ። ይበቃል።

ልጆቹ ቶሎ የሚያልፉት፣ እኔ የምቆምበት ቤት ደግሞ አለ። ስታታሬ የሚባሉት ድሆች ቤት ነው። ባለትዳር የእርሻ ቅጥረኞች ነበሩ። ደሞዛቸው በአብዛኛው በዓይነት ነው፤ እህል፣ ወተት፣ ማገዶ። ሚስትየው የጌታውን ላሞች የማለብ ግዴታ ነበረባት። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ክፍልና በአንዲት ማድ ቤት ይኖራል። ሥርዓቱ የተሻረው በ1945 ነው። አንድ አገር ቅርሴ ነው ብሎ የባለጸጋ ቤት ማስቀመጡ አይደንቅም። ያፈረበትን ቤት አምጥቶ ሲተክል ግን አከብረዋለሁ።

ስካንሰንም ራሱ የሚታፈርበት ታሪክ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሰሜን የመጡ የሳሚ ቤተሰቦች ግቢው ውስጥ እየኖሩ ለጎብኚ ይታዩ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ ሠራተኛ ናት፤ ሙያዋን አሳይታ ማታ ቤቷ ትገባለች። ሙያ ማሳየትና ሰው ማሳየት ሰማይና ምድር ነው። እኛም «ብሔር ብሔረሰቦች» እያልን ጭፈራ ብቻ ማሳየት ስለምንወድ ነገሩ ይመለከተናል።

መቼም እዚያ ስዞር አገር ቤት ትዝ ማለቱ አይቀርም። የቤት ዓይነት ቢቆጠር ማን ይደርስብናል? የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ ይቆማል፤ ከሥር ምስጥ ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግ ሰው ተረባርቦ ከነቁመናው ያነሳዋል። የሐረሪ ቤት ውስጥ መደቦቹ ማን የት እንደሚቀመጥ ይናገራሉ። አፋሩ ከሰሌንና ከእንጨት የሠራውን ቤቱን ፈቶ ግመል ላይ ይጭነዋል። የትግራይ ሕድሞ አለ፣ የላስታ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት አለ፣ የጉራጌ ጎጆ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲነካ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። የእንጨት ሰገነትና ደረጃ እንደ ስዊድኖቹ ቁጥር ሰጥቶ መፍታት ይቻላል። ሮኬት ሳይንስ አይደለም።

ጭቃ ቤት ግን ተነቅሎ አይጓዝም። ይህን እንደ እንቅፋት የሚያነሱ አሉ። ለልጆች ከታሰበ ግን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ግንዱን ማምጣት ካልተቻለ ሠሪውን ማምጣት ነው። ማገር የሚያስር፣ ክዳን የሚከድን፣ ምርጊት የሚመርግ ሰው በደሞዝ ይቀጠር። በሆቴሎችና በኤግዚቢሽን ግቢዎች ለፎቶ የሚቆሙት ጎጆዎች የጎደላቸው እሱ ነው፤ ውስጣቸው ሰው የለም፣ ምድጃቸው ቀዝቃዛ ነው፣ በራቸው ላይ «መንካት ክልክል ነው» ይላል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ጉድጓድ፣ ውኃ፣ ጭድ፣ እና ሁልጊዜ እየፈረሰ እንደገና የሚመረግ አንድ ግድግዳ። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃውን በእግራቸው ያቡኩ፤ ጭዱ ለምን እንደሚገባ መራጊው ይንገራቸው፤ በእጃቸው ይለጥፉ። ከጎኑ ፍየል ትታሰር። መግቢያው ላይ ደግሞ ለወላጆች በትልቁ ይጻፍ፦ ቅያሪ ልብስ ይዛችሁ ኑ።