ወተት በጉንጬ የት ገባች?

ባለፈው ሰኞ ደሴ ሰኞ ገበያ እህል ተራ ገብቼ አምስት ነጋዴዎችን ጠየቅኩ። «ወተት በጉንጬ አላችሁ?» አራቱ ስሟን ሰምተውት አያውቁም። አምስተኛዋ፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ፈገግ አሉ። «እሷማ የልጅነታችን እሸት ናት። አሁን ማን ይዘራታል ብለህ ነው ልጄ?»

ለማታውቋት፣ ወተት በጉንጬ የማሽላ ዓይነት ናት፤ የወሎ ማሽላ። ስሟ እንደሚለው እሸቷ ተጠብሶ ሲቃም አፍ ውስጥ ወተት ወተት ይላል። ሲደርቅ ግን ፍሬዋ ይጨማደዳል፣ ምርቷም ከሌላው ያንሳል። ስለዚህ ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ትንሽ ትንሽ ነበር የሚዘራት። በእሸት ጊዜ ዘለላዋን ለይቶ ይቆርጥና ለቤተሰቡ ይጠብሳል። ልክ ጥንቅሽን ለልጆች ብለን ማሳ ዳር እንደምንተወው።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ዘረ-መል (ጂን) አርትዖት፣ ማለትም የሕያዋንን የውርስ መመሪያ ለይቶ ስለማረም ልጽፍ ተቀምጬ ነው። ነገሩ ሩቅ አገር ያለ ላቦራቶሪ ጉዳይ ይመስላል። ለእኔ ግን የሚጀምረው ከዚህች ማሽላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ግኝት አሳተሙ። ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ነበር። የሚፈልጉት ላይሲንን ነው። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ መሥራት የማይችለው፣ ከምግብ ብቻ የምናገኘው የፕሮቲን ክፍል ነው። ማሽላ ደግሞ በላይሲን ድሃ ነው። ማሽላ ብቻ እየበላ የሚያድግ ልጅ ሆዱ ሞልቶም ሊጎዳ የሚችለው ለዚህ ነው። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ላይሲናቸው ጎልቶ የወጣ ሁለት ዓይነቶች ተገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው፤ የተገኙትም ከወሎ ነው። አንዷ ወተት በጉንጬ ናት።

1973 በእኛ አቆጣጠር 1965 እና 66 ነው። የወሎ ረሃብ ዘመን። የዓለምን ምርጥ የማሽላ ፕሮቲን ጠብቀው ያቆዩ ገበሬዎች በዚያው ዓመት በየመንገዱ ዳር ይወድቁ ነበር። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ወረቀቱን አስቀምጬ ከቤት ወጣሁ። የጦሳን ተራራ እያየሁ ብዙ ቆየሁ። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 ጄኒፈር ዳውድና እና ኢማኑዌል ሻርፖንቲየ ክሪስፐር የተባለውን የዘረ-መል መቀስ ለዓለም አሳዩ። በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት። መቀሱ ወደሚቆርጠው ቦታ የሚመራው መልእክተኛ አለው። የተፈለገው ዘረ-መል ጋ ደርሶ ይቆርጣል። ሴሉ የተቆረጠውን ሲጠግን ዘረ-መሉ ብዙ ጊዜ ሥራውን ያቆማል። ከሌላ ፍጡር የመጣ ዘረ-መል ሰብሉ ውስጥ እንዲቀር ግድ አይደለም። ብዙ ሰው የሌላ ፍጡር ዘረ-መል ከገባባቸው ልውጥ ሕያዋን (ጂኤምኦ) ጋር አንድ አድርጎ የሚያየው ይህ ልዩነት ስላልተነገረው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በዚሁ መቀስ የማሽላን የፕሮቲን ዘረ-መሎች ነኩ። ካፊሪን የሚባለው፣ ምግቡ ሲበስል ሆድ ውስጥ ለመፈጨት የሚያስቸግረው ፕሮቲን ቀነሰ። ላይሲኑ ጨመረ። አስቡት እንግዲህ። በላቦራቶሪ የተደከመለት ነገር የእኛ አያቶች እሸት ሲጠብሱ በምላሳቸው የለዩት ነው።

ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ሐርቡ አካባቢ ማሽላ የሚያርስ አጎት አለኝ። ስለዚህ ነገር ሳጫውታቸው ላይሲኑን በዝምታ ሰሙኝ። «አቀንጭራንስ ያጠፋልናል?» አሉ ቀጥታ። አቀንጭራ ለማያውቅ ሰው ወይን ጠጅ አበባ ያላት ቆንጆ ተክል ትመስላለች። ሥሯን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቃ ምግቡን ትመጠምጣለች። አንዷ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚለቀውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው።

ይህን ምስጢር ተከታትለው መፍትሔ ካመጡት አንዱ የእኛው ሰው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። ከእነዚያ ዝርያዎች አንዱ «አብሽር» ይባላል። ወሎዬ ስሙን ሲሰማ ትርጉም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2017 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከመቋቋሙ ጀርባ ያለውን ዘረ-መል ለይተው አሳተሙ። ያ ዘረ-መል ሲጠፋ ሥሩ የሚለቀው ኬሚካል ዓይነቱ ይቀየራል፤ አቀንጭራም እንደ ልብ አትነቃም። ቦታው ከታወቀ በኋላ መቀሱን እዚያ ላይ መጠቀም ይቻላል። ገበሬው የሚወደውን፣ ጣዕሙንና አገዳውን የለመደውን የአካባቢውን ማሽላ ሳይለቅ አቀንጭራን የሚቋቋም ማድረግ ማለት ነው። ሥራው ሌት ተቀን ሊደከምበት የሚገባው እዚሁ ወሎ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው እላለሁ። ሐዋሳም ናይሮቢም ይሥሩት፤ ግን አቀንጭራው ያለው እዚህ ነው።

አጎቴ ግን አልጨረሱም። «ዘሩን ከዓመት ዓመት ከጎተራዬ እዘራለሁ ወይስ በየዓመቱ ልገዛ ነው?»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከምሁርም አልሰማሁም። የጤፍ ነገር አስተምሮናል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጤፍ አቀነባበር ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ይዞ ለዓመታት ቆየ። የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱን መብት የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ኢትዮጵያ የናጎያ ፕሮቶኮል አባል ናት። ዘራችንን ወስዶ የሚጠቀም ሰው ጥቅሙን ሊያካፍል ይገባል። ይህ በወረቀት መኖሩ ጥሩ ነው። ሐርቡ ያለ ገበሬ እጅ የሚደርሰው ግን መብቱን የሚያውቅና የሚከራከርለት ሰው ሲኖር ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ቴክኖሎጂው አደገኛ ነው፣ በሩን እንዝጋ» ይላሉ። ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 የወጣውም ከዚያ ስጋት ነው። ብቻ በር ዘግተን ወተት በጉንጬን አላዳንናትም። ማንም ሳይነካት ነው ከገበያ የጠፋችው። ናይጄሪያ በ2020፣ ኬንያ በ2022 ዘረ-መሉ ስለታረመ ሰብል የራሳቸውን መመሪያ አውጥተዋል። እኛም ይህን ክርክር በአማርኛ፣ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ መክፈት አለብን።

ጤናው ላይም ያው ነው። ሲክል ሴል ለሚባለው በዘር የሚወረስ የደም በሽታ በክሪስፐር የሚሰጠው ሕክምና በ2023 መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሲፈቀድ አሜሪካ ውስጥ የተቆረጠለት ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለእኛ ገና ሩቅ ነው፤ ስለዚህ አልቆይበትም።

ቅርቡ ሌላ ነው። ኮዴይን የሚባለውን የሳልና የሕመም ማስታገሻ ውሰዱ። ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ሞርፊን ወደሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ይቀይረዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ኢንዛይም ዘረ-መል በትርፍ ቅጂ እንደያዙ አሳየ። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን ሲወስድ ሞርፊኑ በፍጥነት ይበዛበታል፤ ሕፃን ከሆነ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን ከለከለች። ማንም ዘረ-መል አልቆረጠም፤ የራሳችንን ማንበብ ብቻ በቃ። ደሴ ውስጥ ሆስፒታል አለ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ያስመርቃል። ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ተማሪ ሞልቷል። የወሎ ሰው ለየትኛው መድኃኒት እንዴት እንደሚመልስ የሚያጠና ቡድን እዚሁ ቢቋቋም ብዬ እመኛለሁ፤ አጥብቄም እጠይቃለሁ።

በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ዶክተር መላኩ ወረደና የአገሪቱ የዘር ማከማቻ (ጂን ባንክ) ባልደረቦቻቸው የተራበ ሰው ሳይበላው በፊት ዘር ለማትረፍ በየመንደሩ ዞረዋል። ዘር በማቀዝቀዣ ውስጥ ይተርፋል። ማሳ ላይ ያለው ግን ከዝናቡም ከተባዩም ጋር በየዓመቱ እየተማረ ይኖራል። ሁለቱንም እንፈልጋለን።

አጎቴ «ከላይ ሰፈር አንዲት ሴትዮ ሳይኖራቸው አይቀርም» ብለውኛል። ዘለላ ቆርጠው ከምድጃቸው በላይ፣ ጭሱ የሚያገኘው ቦታ የሚሰቅሉ ሴትዮ ናቸው። ቅዳሜ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል። እናንተም ቃሉ፣ ባቲ፣ ወረባቦ፣ ቆቦ ዘመድ ካላችሁ ደውሉና ጠይቁልኝ። ወተት በጉንጬ ያለው ሰው ቢገኝ ሚያዝያ ሳይመጣ፣ መዝሪያው ሳያልፍ እንወቅ።