የአርሰናል ሴቶች ዋንጫ በ2025 አልተጀመረም

«የአርሰናል ሴቶች የአውሮፓ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሱት በ2025 ነው፣ እሱንም ገንዘብ ነው ያመጣው» ላልከው ወንድሜ፦ አይደለም። ሊዝበን ላይ ባርሴሎናን 1 ለ 0 የረቱበት ሁለተኛቸው ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ያኔ የዩኤፋ የሴቶች ዋንጫ ይባል ስለነበር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ብራዚላዊቷን ኮከብ ማርታን የያዘውን የስዊድኑን ክለብ ኡሜኦ በደርሶ መልስ 1 ለ 0 አሸነፉ። ብቸኛዋን ጎል ስዊድን ላይ፣ በጭማሪ ሰዓት፣ ከሩቅ አክርራ ያገባችው ተከላካይዋ አሌክስ ስኮት ናት። ገንዘብ ላልከው ደግሞ፣ ይህችው ልጅ በአንድ ወቅት እዚያው ክለብ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጥራ የወንዶቹን ማልያ ታጥብ ነበር! አሰልጣኙ ቪክ ኤከርስም የወንዶቹ ቡድን ትጥቅ ያዥ ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን ሊጉን፣ ኤፍኤ ካፑንና ሊግ ካፑንም ጠራርገው ወስደዋል።