የኢም ታሪክ የአንድ ቄስ ብቻ አይደለም

ኢም እንግሊዝ ደርቢሸር ውስጥ ያለች ትንሽዬ መንደር ናት፣ ሲጽፏት ኢያም ትመስላለች ሲጠሯት ግን ኢም ነው። በኮሮና ጊዜ ስሟ በየሚዲያው ተነስቶ ነበር፣ ሁሌ የሚወራው ግን አንድ ወጣት ቄስ መንደሩን ዘግቶ አካባቢውን ከቸነፈር አዳነ እየተባለ ነው፣ እኔ ይሄ አተራረክ አይዋጥልኝም።

እ.ኤ.አ. በ1665 ለመንደሩ ልብስ ሰፊ ከለንደን ጨርቅ መጣለት፣ እርጥብ ስለነበር ረዳቱ ጆርጅ ቪካርስ እሳት ዳር አሰጣው፣ ቸነፈሩን ያመጣው ቁንጫ የወጣው ከዛ ነው ይባላል፣ ሰውየው በቀናት ውስጥ ሞተ። ብርዱ ሲገባ በሽታው ጋብ አለና ሙቀቱ ሲመጣ ባሰበት።

ቄሱ ዊሊያም ሞምፐሰን ለመንደሩ አዲስ ነበር፣ ሰዉም ብዙ አልወደደውም፣ የሰዉ ልብ ያለው ድሮ ያገለግላቸው የነበረው ቶማስ ስታንሊ ጋ ነው፣ እሱ ደሞ መንግስት ያዘዘውን የጸሎት መጽሐፍ አልቀበልም ብሎ የተባረረ ሰው ነው። ሁለቱ አብረው ባይቆሙ ኖሮ ሰዉ እሺ የሚል አይመስለኝም። ጁን 1666 ላይ ማንም አይውጣ ማንም አይግባ ተባለ፣ ጸሎቱ ሜዳ ላይ ሆነ፣ የሞተበትም ሰው የራሱን ሬሳ ራሱ ይቅበር ተባለ።

የመንደሩ ወሰን ላይ የነበረው ድንጋይ ዛሬም አለ። ያኔ በሽታው በሳንቲሙ እንዳይተላለፍ ብለው ቀዳዳዎቹ ውስጥ አቼቶ ያደርጉና ሳንቲም ይከቱበት ነበር፣ የጎረቤት መንደር ሰው ምግቡን አስቀምጦ ሳንቲሙን ይዞ ይሄድ ነበር።

ከመንደሩ ወጣ ብሎ ደሞ የራይሊ መቃብሮች አሉ፣ ኤልዛቤት ሃንኮክ የምትባል እናት በ8 ቀን ውስጥ ባሏንና 6 ልጆቿን ራሷ ጎትታ ራሷ ቆፍራ የቀበረችበት ቦታ ነው፣ ቀባሪ ያሳጣህ የሚለው እርግማን ምን ማለት እንደሆነ እዛ ጋ ነው የሚገባው። ሞምፐሰን የራሱን ልጆች መንደሩ ሳይዘጋ አስወጥቷቸው ነበር፣ አልፈርድበትም አባት ነው፣ ሚስቱ ካትሪንም አብራው ቀርታ ኦገስት ላይ ሞታለች፣ መቃብሯ ቤተክርስቲያኑ ግቢ ከጥንቱ የድንጋይ መስቀል አጠገብ ነው። የሃንኮክ ልጆች ግን እዛው ሜዳው ላይ ናቸው።

ሁሉም ሲያበቃ 260 ገደማ ሰው አልቋል። ቸነፈሩ የገባባቸው ቤቶች ደጃፍ ላይ የሟቾቹ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ እኔ አስጎብኚ ብሆን ከቤተክርስቲያኑ ሳይሆን ከነዛ ሰሌዳዎች ነበር የምጀምረው።