የእናቴ ድሪ ለዚህ ምስክር አይሆንም

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬዳዋ ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ በተደረገ ውይይት ላይ ነበርኩ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ጠየቀች። ሽታ እንዳይዙ በናኖ ብር የሚነከሩ ጨርቆች እጣቢ ለብቻው ይመረመራል ወይ? መልስ ሰጪው አያስፈልግም አሉ። ምክንያታቸው ይኸውላችሁ፦ "ብር እኮ ተፈጥሯዊ ነው። እናቶቻችን አንገታቸው ላይ አስረውት ኖረዋል፣ ማንን ገደለ?" ያጨበጨበም ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው።

የሐረር አንጥረኛ የሠራው ድሪ እናቴም አላት። ድፍን ብር ነው። ናኖ ብር ሌላ ነገር ነው፤ በዓይን ወደማይታይ ናኖ ቅንጣት የደቀቀ ብር ነው። ናኖ ቅንጣት የሚባለው ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሚለካ ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር ደግሞ የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። አንድ ግራም ብር ድፍን ሆኖ ውሃ ውስጥ ቢገባ፣ ውሃው የሚነካው ገጹ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ያንኑ አንድ ግራም ወደ ባለ 10 ናኖ ሜትር ቅንጣት ለውጡት፤ ገጹ 57 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ኮንዶሚኒየም ቤት በሉት። ከዚያ ሁሉ ገጽ ላይ የብር አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያለው የብር አቶም፣ ወደ ውሃው ይለቃል። አዮኑ የባክቴሪያውን ሽፋን ይበጥሳል፣ ፕሮቲኖቹ ላይ ይጣበቃል፣ ከውስጥ ሆኖ ይመርዘዋል። ታዲያ የእናቴ ድሪ ምን ሊመሰክር ነው?

ደግሞስ ይህን ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን ያስፈልጋል? ሻጩ ራሱ እየነገረን! ካልሲው የሚሸጠው "ባክቴሪያ ይገድላል" ተብሎ ነው። እግር ላይ የገደለ ነገር ቦይ ውስጥ ሲገባ መግደሉን አይተውም። ሽታ የሚያመጣውን መርጦ፣ ውሃ የሚያጸዳውን አይምርም። ብሩ በእጥበት እንደሚለቅ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ካልሲ አጥበው አሳይተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2008። ውሃ ከሚያጸዱት ውስጥ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች በናኖ ብር ቶሎ ከሚጎዱት መካከል ናቸው። አልጌ የሚባለው የውሃ አረንጓዴም ይጎዳል። አልጌ የምትበላው ዳፍኒያ የምትባል ሚጢጢ የውሃ ፍጥረት ደግሞ በሊትር በማይክሮግራም በሚቆጠር መጠን ትሞታለች። 

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ብር ሰልፋይድ የሚባል የድኝ ውህድ ካገኘ ይጣመርና መርዝነቱ በጣም ይቀንሳል። እሺ። ግን ይህ በዋናነት የሚሆነው አየር በሌለበት ዝቃጭ ውስጥ ነው እንጂ በር ላይ በተደፋ እጣቢ ውስጥ አይደለም።

ከተማችንን ለሁለት ስለሚከፍለው ወንዝ ስለ ደቻቱ ሲነሳም "ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ምን ነፍስ አለበት?" ያሉ ነበሩ። ድሬ ኖሮ እንዲህ የሚል ሰው ያሳዝነኛል። በ1998 ክረምት ያ ደረቅ አሸዋ ጎርፍ ሆኖ ስንቱን ጠርጎ እንደወሰደ ረሳን እንዴ? አሸዋው ሲደርቅም ባዶ አይደለም። እያንዳንዱ ቅንጣት ላይ ባክቴሪያ ተለጥፎ ይኖራል። ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገውን ውሃ የሚያጸዱልን እነሱ ናቸው። እኛ ደግሞ የምንጠጣው ወንዝ አይደለም፣ የጉድጓድ ውሃ ነው። ሐረርም ሐረማያ ሐይቅ ሲከዳት ፊቷን ያዞረችው እዚሁ እኛ አካባቢ ወዳሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች ነው። እነዚያን ባክቴሪያዎች የነካ የሁለት ከተማ ጣሳ ነካ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፍሳሹን ቅዱ፣ ዳፍኒያ ጨምሩበት፣ 48 ሰዓት ጠብቁ፣ ትተርፍ እንደሆነ እዩ። በአልጌ የሚደረገው ተመሳሳይ ምርመራ 72 ሰዓት ነው። ሁለቱም የታወቁ የምርመራ ዘዴዎች ናቸው፣ ቢሊዮን ብር አይፈጁም። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፣ ሐረማያም ዳገቱን ወጣ ብሎ ነው። ብቻ የመጀመሪያው ናሙና ደቻቱ ሳይሞላ፣ ከክረምት በፊት ይወሰድ።