የከፈልነው ለቦታ እንጂ ለዘበኛ አይደለም

አዲስ አበባ ላይ መኪና ስታቆሙ አንድ ወጣት ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይላል። "ና፣ ና፣ ና... በቃ!" እያለ ያስገባችኋል። ሰዓት ጽፎ ቁራጭ ወረቀት ይሰጣችኋል። "ስፖኪዮዋን አደራ" ትሉታላችሁ። "ሐሳብ አይግባችሁ" ይላል። ደንቡ ምንም ይበል፣ በእኛ ልብ ያቺ ብር የቦታ ኪራይ ብቻ አይደለችም። የጥበቃም ናት።

ይህንኑ ልማድ ይዘን ነው ሆላንድ የምንገባው። ጀርመንና ቤልጂየም የምንኖር ሐበሾች ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶ ድንበር መሻገር ብርቃችን አይደለም። ከፍራንክፈርት አምስተርዳም 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት የተነሳ ለምሳ ይደርሳል። ደርሶ ቦታ ሲያገኝ ስልኩን አውጥቶ ይከፍላል፣ ታርጋውን ይሞላል፣ ከዚያ ልቡ ይረጋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ልብ የሚያረጋ ነገር አልተገዛም፤ ሌባ የመኪናውን መስታወት ሰብሮ ዕቃ ቢወስድ ያ ክፍያ አያስጥልም።

በሆላንድ ከተሞች መንገድ ዳር ለማቆም የሚከፈለው ገንዘብ በሕግ የማዘጋጃ ቤት ግብር ነው። ግብር ስለሆነም ማዘጋጃ ቤቱ መኪናችሁን በአደራ አልተረከበም። አምስተርዳም መሃል ከተማ ላይ ዋጋውን እ.ኤ.አ. በ2020 በሰዓት 7.50 ዩሮ ያስገባው ጥበቃ ለመቅጠር አልነበረም፤ መኪና ይዞ የሚመጣውን ሰው ለማሳነስ ነው። ከታኅሣሥ 2023 ወዲህ ደግሞ በአብዛኛው የከተማዋ መንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መንዳት አይቻልም። ከተማዋ በግልጽ እየነገረችን ነው፦ እናንተ ኑ፣ መኪናችሁ ይቅር። መንገዱን የሚዞረው ተቆጣጣሪም ጣሪያው ላይ ካሜራ የተገጠመለት መኪና ነው። እያለፈ ታርጋ ያነባል፣ የከፈለና ያልከፈለ ይለያል። መስታወታችሁ ይኑር አይኑር ግድ የለውም።

አንድ ወዳጄ ከጀርመን ቤተሰቡን ይዞ ለክርስትና ወደ አንድ የሆላንድ ከተማ ሄደ። ከተማዋን ስሟን አልጠራም። እስከ ማታ ከፍሎ አቆመ። ሲመለስ የኋላው የቀኝ መስታወት የለም። የተወሰደው የሕፃኑ ቦርሳ ነው። ዳይፐር፣ ጡጦ፣ ቅያሬ ልብስ። ሌባው ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ምን እንዳለ አላውቅም። ግን የቦርሳው የጎን ኪስ ውስጥ የወዳጄ ሰማያዊው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ፣ በፓስፖርት ፈንታ የሚይዘው ደብተር፣ ነበረ።

መስታወቱ በሳምንቱ ተቀየረ። ሰነዱ ግን ወራት ፈጀ። የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮ፣ የፖሊስ ወረቀት፣ ፎቶ፣ ክፍያ፣ እንደገና ቀጠሮ። በመሃል ለበጋ የተቆረጠ ቲኬት ተቃጠለ። እኔ ስለ መኪና መስታወት ሳወራ ሰው "ይሄ ምን ያስጨንቃል፣ ኢንሹራንስ አለ" ሲለኝ የሚታወሰኝ ይህ ነው። መስታወት ርካሹ ጉዳት ነው። ጀርመናዊ ጎረቤቴ ፓስፖርቱ ቢሰረቅ መታወቂያው ይበቃዋል። ለእኛ ያ ደብተር ሌላ ነገር ነው። መኪና ውስጥ ማደር ቀርቶ ለአንድ ሰዓትም መቆየት የለበትም።

ስለ መስታወቱም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። የፊቱ መስታወት፣ ሜካኒኮቻችን ፓራብሬዛ የሚሉት፣ ሁለት መስታወት መሃል ፕላስቲክ ተጣብቆ የተሠራ ነው። ጠጠር ሲመታው ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነና ከሾፌሩ ዓይን ፊት ለፊት ካልሆነ በሙጫ ይጠገናል። የጎኑ መስታወት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የጠነከረ አንድ ንጣፍ ነው። ሲሰበር ሙሉ በሙሉ ይረግፋል። ጥገና የለውም፣ መቀየር ብቻ። ግማሹ ስብርባሪ ወንበር ላይ፣ ግማሹ በሩ ሆድ ውስጥ ይገባል። በሩ በደንብ ካልተጸዳ በዘጋችሁት ቁጥር ቆሎ እንደያዘ ጣሳ ይንሿሿል። ስለዚህ የመስታወቱን ማውረጃ ቁልፍ "እስቲ ይሠራ እንደሁ" ብላችሁ አትንኩ። የልጅ ወንበር ካለ ደግሞ ቀበቶው ሥርና ስፌቱ ውስጥ ስብርባሪ ይቀራል። ጨርቁን አውልቆ በቫኪዩም ሳይጸዳ ልጅ አይቀመጥበትም።

ከመጥረግ በፊት ግን ፎቶ። መኪናው ከነታርጋው፣ መስታወቱ፣ ውስጡ፣ የመንገዱ ስም። ቀጥሎ ፖሊስ። እዚህ ላይ ከብዙ ወገኖቼ ጋር አልስማማም። "ፖሊስ ምን ያደርግልኛል?" ይላሉ። ሌባውን ይይዝልኛል ብላችሁ ከሆነ እውነት ነው፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። ሌባው ከሄደ በኋላ ለመስታወት ብሎ ሳይረን እያስጮኸ የሚመጣ የለም። የድንገተኛ ጥሪው ቁጥር 112 ሌባው እዚያው ካለ ወይም አደጋ ካለ ብቻ ነው። ለሌላው 0900-8844 ይደወላል፤ ከውጭ አገር ስልክ ደግሞ +31 34 357 8844። እንግሊዝኛ ይበቃል። የምትፈልጉት ሌባውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ኢንሹራንሱ ይጠይቃችኋል፣ የስደተኛ ቢሮው ይጠይቃችኋል፣ ባንኩም ይጠይቃችኋል። ነገ ሥራ አለ፣ መመለስ አለብን ብላችሁ እዚያ ማመልከት ካልቻላችሁም በር አልተዘጋም። የአውሮፓ ኅብረት የ2012 የወንጀል ተጎጂዎች መመሪያ፣ በሌላ አባል አገር ወንጀል የተፈጸመበት ሰው እዚያ ማመልከት ካልቻለ በሚኖርበት አገር እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ኢንሹራንሱ ላይ አጭር ነኝ። የሦስተኛ ወገን ብቻ ካላችሁ ለመስታወት ሰባራ ሳንቲም የለም። ጀርመኖች ታይልካስኮ የሚሉት ከፊል ሽፋን ካላችሁ መስታወት ይሸፍናል፣ ከራሳችሁ ኪስ የምትከፍሉት ድርሻ ቢኖርም። በዚህ ምክንያት ያለ አደጋ በመንዳት ያገኛችሁት የኢንሹራንስ ቅናሽ አይነካም። ውስጥ የነበረው ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው ኢንሹራንስ ጉዳይ አይደለም። ምንም ከማሠራታችሁ በፊት ደውሉላቸው፤ አንዳንዱ ውል የት እንደምታሠሩም ይወስናል። ካርግላስን የመሰለ የመኪና መስታወት ቀያሪ ድርጅት ጀርመንም ሆላንድም ቅርንጫፍ ስላለው፣ ቅዳሜ ማታ መንገድ ላይ ከመንከራተት ከተማችሁ ላይ ቀጠሮ መያዝ ይሻላል። ከስኪፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ መኪና የተከራየ ሰው ደግሞ ውሉን ገልጦ ይይ። መስታወትና ጎማ ከመደበኛው ሽፋን ውጭ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የተሰበረው የኋላ በር መስታወት ከሆነ ወፍራም ፌስታል በፕላስተር ወጥሮ ቀስ ብሎ ቤት መግባት ይቻላል። አውራ ጎዳናው ላይ እየተንቀጠቀጠ ጆሮ ይበጥሳል፣ ያው ነው። የሾፌሩን ወይም የፊት ተሳፋሪውን መስታወት ግን በፌስታል ሸፍኖ መንዳት ስፖኪዮ ከልሎ መንዳት ነው። እዚያው አድሮ ማሠራት ይሻላል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። መኪናዋን ከነጭራሹ መሃል ከተማ አታስገቧት። አምስተርዳም ዳር ላይ፣ እንደ ዜይቡርክ፣ ስሎተርዳይክና አሬና ባሉ ቦታዎች፣ አቁሞ በትራም ወይም በሜትሮ የመግባት አሠራር አለ። ቅናሹ የሚገኘው በሕዝብ ትራንስፖርት መሃል ከተማ ደርሳችሁ ስትመለሱ ብቻ ነው፤ ካልሆነ ሙሉውን ትከፍላላችሁ። "ዶሮ ወጥ በድስት ይዤ ሜትሮ ልግባ?" የሚል ይኖራል። ድስቱንና አሮጊቶቹን መጀመሪያ ደጋሾቹ በር አውርዱ። ሻንጣውንም አብራችሁ። ከዚያ ባዶ መኪና ይዞ አንድ ሰው ይመለስ። ቆማችሁ ዕቃ ከወንበር ወደ ኋላ ስታዛውሩ የሚያይ ዓይን አለና፣ ማዛወሩ ራሱ ማስታወቂያ ነው።

ወዳጄ ጋ ልመለስ። ስልክ ላይ ሲጠብቅ፣ ስብርባሪ ሲለቅም፣ የከፈለው ሰዓት አለቀ። ከሳምንታት በኋላ ጀርመን ድረስ ደብዳቤ መጣ። ያልተከፈለ የማቆሚያ ግብር፣ ከነቅጣቱ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ ስለሚቻል የፖሊሱን ወረቀትና ፎቶዎቹን አያይዞ ጻፈ። ከተሞቹ መኪናችንን ይጠብቁልን አልልም፣ አልተዋዋልንም። ግን ዘረፋው በደረሰበት ሰዓት የተሰበረው መኪና አጠገብ የቆመ ሰው፣ የፖሊስ ወረቀት እስካቀረበ ድረስ፣ ቅጣቱ ሳይከራከር ይነሳለት። ይህን ለማድረግ አንድም ዘበኛ መቅጠር አያስፈልግም።