ውድ ዋጋ የጥራት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም

ሸማች ስለማያውቀው ዕቃ ለመፍረድ ሲቸገር ዋጋውን አይቶ ይወስናል። ሁለት የሚመሳሰሉ ቦርሳዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ በእጥፍ ቢበልጥ፣ «መቼም ያለ ምክንያት አልተወደደም» ማለቱ አይቀርም። ጥሩ ቆዳና የሠለጠነ እጅ ወጪ ስለሚጠይቁ ግምቱ መሠረት የለውም አይባልም። የሚያሳስበው ግን ዋጋው ራሱ እንደ ጥራት መቆጠሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ አንዱኑ ወይን ጠጅ አንድ ጊዜ የ10 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ የ90 ዶላር ነው እያሉ አቀመሱ፤ ቀማሾቹም የ90 ዶላር የተባለው ይበልጥ እንደጣማቸው ተናገሩ። ለይሉኝታ ብለው ነው እንዳይባል፣ የአንጎላቸው ምስል ሲነሣ ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘው ክፍል እንቅስቃሴም ዋጋው ከፍ ሲል ጨምሮ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት 82 ሰዎች ምንም መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ወስደው ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ተሰጣቸው። ክኒኑ 2.50 ዶላር ያወጣል ከተባሉት 85 በመቶ ያህሉ ሕመሙ ቀለለን ሲሉ፣ በቅናሽ 10 ሳንቲም ነው ከተባሉት ግን እንዲህ ያሉት 61 በመቶ ነበሩ።

«ደንበኛው እስከረካ ድረስ ምን ጉዳት አለው?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ስለ ጣዕም ከሆነ ክርክሩ ጥቂት ያስኬዳል፣ ምንም እንኳ ዋጋቸው ተደብቆ በተካሄዱ ከ6,000 በላይ ቅምሻዎች የወይን ሥልጠና የሌላቸው ሰዎች ውዶቹን ከርካሾቹ አስበልጠው አለመውደዳቸው ቢታወቅም። የቦርሳ ስፌት ግን የባለቤቱን እምነት አይቶ አይጠብቅም፤ ክሩ ቀጭን ከሆነ ማንጠልጠያው በተሰፋበት በኩል ይተረተራል። ገዢው ስፌቱን ገልብጦ ማየት ትቶ ዋጋውን ብቻ የሚያነብ ከሆነ፣ ሻጩም ክሩን ከማጠንከር ይልቅ ዋጋውን መጨመር ይቀለዋል፤ እኔ ከዚህ የከፋ የገበያ ብልሽት አይታየኝም።

ጉዳቱ የሚከብደው በመድኃኒት ላይ ነው። የፓተንት ዘመኑ፣ ማለትም የመጀመሪያው አምራች ብቻውን የመሥራት መብቱ፣ ካበቃ በኋላ በሌሎች አምራቾች የሚሠራ መድኃኒት ያንኑ ፈዋሽ ንጥረ ነገር በዚያው መጠን ይይዛል፤ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችም ወደ ደም የሚገባበት መጠንና ፍጥነት ከመጀመሪያው ጋር እንዲቀራረብ ያስገድዳሉ። ዋጋው የሚቀንሰው በዋናነት የምርምሩ ወጪ ስለማይደገምና አምራቾች ስለሚወዳደሩ ነው። ይህን ያልተነገረው ታካሚ ግን ርካሽነቱን ይጠራጠርና ከአቅሙ በላይ የሆነውን ይገዛል፣ ወይም ሕክምናውን ያቋርጣል። ስለዚህ የመድኃኒት ባለሙያ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የንጥረ ነገሩንና የመጠኑን አንድነት ማስረዳት እንደ ውዴታ ሳይሆን እንደ ሥራ ግዴታ ሊቆጠርበት ይገባል።